ለእያንዳንዱ እድፍ የራሱ መላ

በጎጃም ደጋ ልብስ የሚነጣበት፣ ድስት የሚፈተግበትና ጋን የሚታጠብበት ጥበብ ከፋብሪካ ሳሙና ብዙ ዘመን ይቀድማል። በጉንደ ወይን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ መንደሮች ሁሉ እንዶድ ለነጭ ልብስ፣ አመድ ለጥቀርሻና ለቅባት፣ ግራዋ ለጠላ ዕቃ፣ የወይራ ጢስ ደግሞ ለወተት ዕቃ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ዛሬ የሱቅ መደርደሪያው በኦሞ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በበረኪና ተሞልቷል። በሌላ በኩል በስልክ የሚዞሩ ቪዲዮዎች ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ «ሁሉን የሚያጸዳ» ተፈጥሯዊ ማጽጃ በቤት መሥራትን ያስተምራሉ። የሱቁ ማስታወቂያም የስልኩ ቪዲዮም አንድ ጠርሙስ ለሁሉም እድፍ እንደሚበቃ ይነግሩናል። የቤት እመቤቶች ሲሠሩበት የኖሩት እውቀት ግን ለእያንዳንዱ እድፍ የራሱን መላ ይሰጣል። ይህን እውቀት ከነምክንያቱ የያዘ ቤተሰብ አብዛኛውን ጽዳት በጓሮና በማጀት ባለው ነገር ይወጣዋል፤ የማይወጣውንም ለይቶ ያውቃል።

እድፍ ሁሉ አንድ አይደለም። የሸሚዝ አንገትጌ ላይ የሚቀረው የላብና የሰውነት ቅባት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ በሽተኛ የተኛበት አንሶላ ላይ ያለው ጀርም በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው። ቅባት ከውኃ ጋር ስለማይስማማ በአንድ ጎኑ ቅባቱን፣ በሌላው ጎኑ ውኃውን የሚይዝ አስታራቂ ይፈልጋል፤ ሳሙናም እንዶድም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ነጩ ቅርፊት ውኃው ሲፈላ የሚጥለው የኖራ ዓይነት ማዕድን ነው፤ ሳሙና አይነካውም፣ አሲድ ግን ያሟሟዋል። ጀርም ደግሞ ወይ ከነእድፉ ታጥቦ ይሄዳል፣ ወይ በሙቀት ወይም በኬሚካል ይገደላል። ማንሳት፣ ማሟሟትና መግደል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በቤት የሚዘጋጅ ማጽጃ ጠቃሚና ጎጂ የሚሆነውም ለየትኛው ሥራ እንደዋለ በማወቅና ባለማወቅ ነው።

ከእንዶድ እንጀምር። ተክሉ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ሲሆን በአጥርና በጫካ ዳር ይበቅላል። ለማጠቢያ የሚፈለገው ፍሬው ነው፤ የሚለቀመውም ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሳይቀላ ነው። ፍሬው በፀሐይ ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በውኃ ተዘፍዝፎ ሲታሽ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ውሁድ ነው፤ ይህ ውሁድ እንደ ሳሙና ቅባቱን ከጨርቁ አላቅቆ ለውኃው ያስረክባል። እንዶድ በቀዝቃዛ ውኃም ስለሚሠራ ማገዶ አያስፈልገውም፤ እንጨት በሚያጥርበት ደጋ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነጠላና ጋቢን የመሰለ የጥጥ ሸማ በዚህ አረፋ ታሽቶ፣ ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ጥሩ ይነጣል።

የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስተዋወቀውም ይኸው የልብስ አጠባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹን ሞተው አገኟቸው። የእንዶዱ አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲደረግ እነሱም ሞቱ። በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደ የመስክ ሙከራ ወንዞች በእንዶድ ሲታከሙ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። ከፍሬው የተለየው ውሁድ በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ታላቁ ምርምር የተነሣው ልብስ አጣቢዎች ዕለት ተዕለት ከሚሠሩት ሥራ መሆኑ የዚህን እውቀት ክብር ያሳያል።

ይሁን እንጂ ይኸው ታሪክ ማስጠንቀቂያም አለው። ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ እንዶድ በአገራችን ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያገለግል የኖረው ለዚህ ነው። ሰው ከጠጣው ይመርዛል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዱቄቱ ሲወቀጥ አፍንጫና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል። እንዶድ የሚወቅጥ ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ የታጠበበትን ውኃ ከምንጭና ከወንዝ አርቆ አፈር ላይ ይድፋ። በአፈርና በውኃ ውስጥ በአጭር ጊዜ መፍረሱ መልካም ጠባዩ ነው፤ እስኪፈርስ ድረስ ግን መርዝነቱ አይለቀውም።

አመድም እንዲሁ በምክንያት የሚሠራ ነገር ነው። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት የተባለ ጨው አለው፤ ይህ ጨው ውኃ ሲነካው ቅባት የሚበላ ይሆናል። አዘገጃጀቱ ቀላል ነው፤ የጠንካራ እንጨት አመድ በወንፊት ይነፋል፣ ሙቅ ውኃ ይፈስበታል፣ አድሮ ሲጠል ከላይ ያለው የጠራ ውኃ ቀስ ተብሎ ይቀዳል። ይህ ውኃ በጣት ሲዳሰስ የሚያሟልጨው የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና መለወጥ ስለጀመረ ነው፤ ስለዚህ እጅን ሸፍኖ መሥራት ይገባል። ቅባት የያዘ የእንጨት ገበቴና የጠቆረ የብረት ድስት በዚህ ይጸዳል፤ ዝቃጩ አመድ ደግሞ ጥቀርሻ ለመፈተግ ይሆናል። የአሉሚኒየም ድስትን ግን ያጠቁረዋል፣ እየዋለ እያደረም ይበላዋል። ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም ቆሻሻ የነደደበት አመድ ወደ ዕቃ መቅረብ የለበትም፤ የተቃጠለው ነገር መርዝ በአመዱ ውስጥ ይቀራልና።

የምጣድ ማሰሻ የእውቀቱን ጥልቀት ይበልጥ ያሳያል። የሸክላ ምጣድ ላዩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ነው፤ በሳሙና ከታጠበ ሳሙናውን ጠጥቶ ለእንጀራው ይመልሰዋል። ባለሙያዋ ግን የተወቀጠ ጎመን ዘር በትኩስ ምጣድ ላይ በትና በጨርቅ ታሻዋለች። ዘሩ ፍርፋሪውን ጠርጎ ያነሣል፣ ዘይቱ ቀዳዳዎቹን ይሞላል፣ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል። ማጽዳትና ማለስለስ በአንድ ሥራ ተጠቃለሉ። ለጋኑም የተመረጠው ግራዋ ነው፤ የቅጠሉ ሸካራነት አሮጌውን ጥንስስ ይፈትጋል፣ በውስጡ ያለው ሳፖኒን አረፋ ይሰጣል፣ መራራ ውሁዶቹም ጀርምን ይቃወማሉ። ከታጠበ በኋላ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ቅሉም ወተት ከመግባቱ በፊት እንዲሁ። የእንጨት ጢስ ፎርማልዴሃይድና ፌኖል የተባሉ ጀርም የሚያዳክሙ ውሁዶች ስላሉት መዓዛ ብቻ ሳይሆን ቆይታም ይጨምራል። ሳሙና ሸክላና ቅል ውስጥ ገብቶ ሽታውን ስለሚተው፣ ለእነዚህ ዕቃዎች የቀድሞው ዘዴ ዛሬም ከሱቁ ይሻላል።

ወደ ሎሚና ኮምጣጤ ስንመጣ ሥራው ማሟሟት ነው። የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት፣ የቧንቧ አፍ ላይ የሚጋገረው ጨው፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ላይ የሚቀረው የውኃ ምልክት በሁለቱ ይለቃል። ግማሽ ውኃ ግማሽ ኮምጣጤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አሙቆ ጥቂት ማቆየትና በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል። ቤኪንግ ሶዳ በበኩሉ ጠረን ለመያዝና ሳይጭር ለመፈተግ ጥሩ ነው። ሎሚን ወይም ኮምጣጤን ከሶዳው ጋር በአንድ ጠርሙስ መቀላቀል ግን ከንቱ ድካም ነው። የሚታየው አረፋ ብዙ ሰው የጥንካሬ ምልክት ያደርገዋል፤ እውነቱ ግን አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ተጠፋፍተው የሚወጣው የጋዝ ፊኛ ነው። አረፋው ሲበርድ የሚቀረው ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ነው። በየተራ ቢጠቀሙባቸው ሁለቱም ይሠራሉ።

አሁን ዋናውን ተቃውሞ እንስማ፤ «እነዚህ ሁሉ ጀርም አይገድሉም» ይባላል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ እንዶድም ሆነ አመድ ተቅማጥ በገባበት ቤት የምንተማመንባቸው ጀርም ገዳዮች አለመሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ በየቀኑ የሚያስፈልገን አብዛኛው ጽዳት መግደል ሳይሆን ማንሳት ነው፤ ጀርሙ ተጣብቆ የሚኖርበት ቅባትና ምግብ ሲነሣ እሱም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በረኪና ራሱ እድፍ ላይ ሲፈስ አቅሙን እድፉ ላይ ጨርሶ ይደክማል፤ ስለዚህ ቀድሞ ያልታጠበ ወለል ላይ በረኪና መድፋት ገንዘብ መድፋት ነው። በሽተኛ ባለበት ቤት ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ቀጥሎ በረኪና መጠቀም ነው። አምስት በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ለወለልና ለጠረጴዛ አንድ እጅ በረኪና ከ49 እጅ ውኃ ጋር ይበቃዋል፤ ደምና ትውከት ለነካው ቦታ አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ጋር ይሁን። ጨርቅን መቀቀልና ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ያለ ኬሚካል የሚገኙ የጀርም ጠላቶች ናቸው።

በዚህ ላይ ችላ የማይባል አደጋ አለ። በረኪና ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል፣ በዝግ ክፍል ውስጥ ሲበዛም የሚገድል መርዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ወይም ሽንት ካለበት መጸዳጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ አደገኛ ጋዝ ይሰጣል። በቤት ማጽጃ የምታዘጋጅ ሴት በልቧ የምትይዘው አንድ ሕግ ብቻ ቢሆን ይህ ይሁን፤ በረኪና ከውኃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም።

የሰውነት ጽዳትም የራሱ ድንበር አለው። ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ነው፤ ወረዳው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ትራኮማ በተባለው የዓይን በሽታ ላይ ትልቅ ጥናት የተካሄደበት ነው። ጥናቱ በጅምላ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ኢንፌክሽኑን በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል፤ መድኃኒቱ በቆመባቸው መንደሮች ግን በሽታው መልሶ ማንሠራራቱ ታይቷል። የሕፃናትን ፊት ማጠብ ከትራኮማ መከላከያ መንገዶች አንዱ የሆነው መድኃኒት ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ለፊት ግን እንዶድም የአመድ ውኃም አይታሰብም፤ ዓይንን ለማዳን ተነሥቶ ዓይንን ማቃጠል ይሆናልና። ለፊት ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ያስፈልጋል። ለእጅም ሳሙና ይቅደም፤ አመድ ሳሙና በጠፋ ጊዜ ምትክ ሆኖ ቢጠቀስም ከሳሙና እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ሌላው ተቃውሞ የድካም ነው፤ እንዶድ መልቀም፣ ማድረቅና መውቀጥ፣ አመድ መንፋት የሴቶችን ጊዜ ይበላል። ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ የሴቶችን ድካም እንደ ነፃ ነገር የሚቆጥር ምክር ትክክል አይደለም። ስለዚህ ማንም ሳሙናውን ጥሎ ወደ ድሮው ይመለስ አልልም። የምለው ድካምና ገንዘብ በሚገባው ቦታ ይዋል ነው። ጠንካራው ደረቅ ሳሙና ለልብስና ለእጅ፣ በረኪናው ለበሽታ ቀን ይገዛ። ለምጣድ ማሰሻ፣ ለጋን ግራዋ፣ ለቅርፊት ኮምጣጤ፣ ለብረት ድስት አመድ እያለ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ባለ ቀለም ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም። ወቀጣውና ለቀማውም የሴት ብቻ መሆኑ ይቅር፤ ወንዶችና ወጣቶች ድርሻቸውን ይውሰዱ።

የቀረው ይህን እውቀት በሥርዓት መያዝ ነው። በቤት የተዘጋጀ ማንኛውም ማጽጃ በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ውኃ መስሎት የሚያነሣ ሕፃን አይጠፋምና። ስሙና የተዘጋጀበት ቀን በላዩ ተጽፎ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይደር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ በረኪና ሲያስተምሩ ስለ እንዶድና ስለ አመድም ይናገሩ፤ የሳይንስ መምህራንም አሲድንና ቤዝን በሎሚና በአመድ ውኃ ያስረዱ። ልጅቷ እናቷ ምጣዱን ለምን በጎመን ዘር እንደምታስስ ከነምክንያቱ ካወቀች፣ «ሁሉን ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥላትን ጠርሙስ ከመግዛቷ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ ይኖራታል፦ የትኛውን እድፍ፣ በምን ምክንያት?