ስክሪን ስለጨለመ ኮምፒውተር አልሞተም፦ ስለ ግራፊክስ ድራይቨርና ስለ ቨርቹዋል ማሽን

በዚህ እትም የኮምፒውተር ዓምዳችን በክፍላችን ደጋግሞ የሚያጋጥመንን አንድ ነገር ይመለከታል። ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ትናንት ደህና ሲሠራ ይውላል። ዛሬ ጠዋት ሲበራ ግን የፋብሪካውን አርማ ያሳይና ድርግም ብሎ ይጨልማል። አንዳንዴ ደግሞ ስክሪኑ ይከፈታል፣ ነገር ግን ጽሑፉ ተለጥጦ፣ መስኮቱ ግማሹ ከስክሪን ውጭ ሆኖ፣ ማውሱም እየተጎተተ ነው። በዚህ ጊዜ ከአካባቢው የሚሰማው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ «በቃ ሞቷል» ይላል፣ ሌላው «ፎርማት ይደረግ» ይላል።

ሁለቱም ፍርዶች የቸኮሉ ናቸው። በተለይ ፎርማት ማድረግ ማለት በዚያ ማሽን ላይ ያለውን የተማሪ ሥራ፣ የመምህሩን የፈተና ወረቀትና የውጤት መዝገብ አብሮ መጥረግ ነው። አንድን ማሽን ብዙ ተማሪ ተራ በሚጠብቅበት ክፍል ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ከታች እንደምናየው የጨለመ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨር ችግር ነው፤ ፋይሉ ግን ዲስኩ ላይ በሰላም ተቀምጧል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍነው እንደሚነበቡት በፊደላችን ነው። ስትተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ፣ ትክክለኛው አጻጻፍ በኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

መጀመሪያ ትንፋሹን እንስማ

የፋብሪካው አርማ ታይቶ ከሆነ ስክሪኑም፣ ኬብሉም፣ ካርዱም ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ሠርተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ኬብል መነቃቀል አያስፈልግም። አርማው ጭራሽ ካልታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሊኑክስ ገና አልተነሣም፤ ጥፋቱ ከኬብል፣ ከሜሞሪ ወይም ከአቧራ ነው። በካኩማ አቧራ ሜሞሪ ከቦታው አውጥቶ፣ እግሩን አጽድቶ መመለስ ብቻውን ስንቱን ማሽን አስነሥቷል!

አርማው ታይቶ ከጨለመ በኋላ ነምሎክ የምትባለውን ቁልፍ ጫኑ። መብራቷ የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ነቅቷል፤ የጠፋው ሥዕሉ ብቻ ነው። ቀጥላችሁ ኮንትሮልን፣ ኦልትንና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ጫኑ። ጥቁር መደብ ላይ ስም የሚጠይቅ ነጭ ጽሑፍ ከመጣ ትልቁ ጭንቀት አለፈ፤ በስማችሁና በሚስጥር ቃላችሁ ገብታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ጽሑፉም ካልመጣ፣ ኤስኤስኤች ቀድሞ የተጫነበት ማሽን ከሆነ በክፍሉ ኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር መግባት ይቻላል። በዚህ መንገድ ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት የተማሪዎቹን ፎልደር ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ማሽን ገልብጡ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው

እኛ ካምፕ የምንኖር ሰዎች አስተርጓሚ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረን አያስፈልግም። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰውዬና ተጠያቂው ሁለቱም አዋቂ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አስተርጓሚው ዘዬውን ካልያዘ ግን የተነገረው ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ ይሆናል። ድራይቨርም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል ከርነል አለ፣ በሌላ በኩል ግራፊክስ ካርድ አለ፤ በመካከል ቆሞ የሚያግባባው ድራይቨር ነው።

ካርዶቹ በብዛት የሦስት ኩባንያ ናቸው። የኢንቴል ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙም አያስቸግርም። የኤኤምዲም እንዲሁ ነው፤ ለቆዩት ካርዶች ሬዲዮን፣ ለአዳዲሶቹ ኤኤምዲጂፒዩ የሚባለው በከርነሉ ውስጥ አለ። ራስ ምታቱ ኤንቪዲያ ነው። ለእርሱ ሁለት አስተርጓሚ አለ፤ አንዱ በጎ ፈቃደኞች ካርዱን ከውጭ እያጠኑ የጻፉት ኑቮ፣ ሌላው ኩባንያው ራሱ የሚያወጣው ነው። የኩባንያው ፈጣን ነው፤ ዕድሜ ግን አለው። ለምሳሌ ጂፎርስ 8 እና 9 የሚባሉትን ካርዶች የሚያውቀው 340 የተባለው ድራይቨር ነበር፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ መታደሱን አቆመ። ጂፎርስ 400 እና 500ን የያዘው 390 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቆመ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የከርነል ክፍሉን ኮድ ለሕዝብ ከፍቷል፤ የተከፈተው ግን ለአዳዲሶቹ ካርዶች ስለሆነ፣ በእርዳታ ለሚመጡ አሮጌ ማሽኖች የሚፈይደው ነገር የለም።

ታዲያ ትናንት ሲሠራ የነበረው ለምን ዛሬ ጨለመ? ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አፕዴት ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር ለአንድ የተወሰነ ከርነል ልክ ተሰፍቶ የተዘጋጀ ልብስ ነው። አፕዴት አዲስ ከርነል ሲያመጣ ልብሱ እንደገና መሰፋት አለበት። ይህን በራሱ የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ሰፊው ግን ጨርቅ ይፈልጋል፤ ጨርቁም «የከርነል ሄደርስ» የሚባለው ጥቅል ነው። ኢንተርኔቱ መሀል ላይ ተቋርጦ፣ ወይም ስቲማ ጠፍቶ ከርነሉ ገብቶ ሄደርሱ ካልገባ ድራይቨሩ አይሰፋም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የኩባንያው ድራይቨር ሲጫን ኑቮን አግዶ መጫኑ ነው። ስለዚህ አዲሱ አልመጣም፣ አሮጌው ታግዷል፣ ካርዱ ያለ አስተርጓሚ ቀረ። ጨለማው ይኸው ነው።

ለጊዜው ብርሃን ማግኛ

ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ሺፍትን ይዛችሁ ቆዩ፤ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ግን አርማው እንደታየ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ጫኑ። ግሩብ የሚባል ዝርዝር ይመጣል። ሁለተኛውን መስመር ስትከፍቱ ያሉት ከርነሎች ይዘረዘራሉ፤ የቀድሞውን መርጣችሁ ሞክሩ። በእርሱ በደንብ ከተነሣ ምስጢሩ ተገለጠ፤ ጥፋቱ አዲሱ ከርነል ድራይቨር አለማግኘቱ ነው። የዕለቱን ትምህርት በቀድሞው ከርነል ጨርሳችሁ ማታ መጠገን ትችላላችሁ።

ያ ካልሆነ በዝርዝሩ ላይ እንዳላችሁ ኢ የሚለውን ፊደል ጫኑ። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉና መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ትታችሁ «ኖሞድሴት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ። ይህ ቃል ከርነሉን «ካርዱን ለማዘዝ አትሞክር፣ በተገኘው ተራ ሥዕል ቀጥል» ይለዋል። ስክሪኑ ይከፈታል፤ ቪዲዮ ግን ይንቀረፈፋል። የጻፋችሁት ለዚያች መነሣት ብቻ ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለም። አንዳንዶች ይህንኑ ቃል በቋሚነት ጽፈው ይተዉታል፤ ከዚያ ለወራት «ይህ ማሽን ዘገምተኛ ነው» ይባላል። ኖሞድሴት ክራንች ነው፤ እግሩ እስኪድን እንጂ ለዘላለም አይያዝም።

ስክሪኑ ከተከፈተ በኋላ «ኤልኤስፒሲአይ» ብላችሁ ክፍት ቦታ፣ ጭረትና ኬ ጨምሩ። ከግራፊክስ ካርዱ ስም ሥር በሥራ ላይ ያለው ድራይቨር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ምንም ካልተጻፈ አስተርጓሚ የለም ማለት ነው። ሌላው ምልክት «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ስም በግራፊክስ መረጃው ላይ መታየቱ ነው። ይህ ማለት ሥዕሉን የሚሥለው ካርዱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው፤ ማሽኑ የሚግለውም ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት ይጠገናል

በመጽሐፍ ያለው መፍትሔ አንድ መስመር ነው፤ ሄደርሱን ጫን፣ አለቀ። እኛ ጋ ግን ኢንተርኔቱ ይሄዳል ይመጣል። ስለዚህ «ዩኔም» ብላችሁ ጭረትና አር ጨምራችሁ የከርነሉን ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጡ። አንድም አኃዝ አትዝለሉ፤ የሄደርሱ ቁጥር ከከርነሉ ጋር አንድ ካልሆነ ድራይቨሩ አይሰፋም። ከዚያ ኢንተርኔት ባለበት ማሽን ጥቅሉን በፍላሽ አምጡ። ሄደርስ ለብቻው አይመጣም፤ የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎች ስላሉ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ በአንድ ትእዛዝ ጫኑ። በክፍሉ አንድ ዓይነት ኡቡንቱ የጫኑ ማሽኖች ካሉ ደግሞ አንዱ ያወረደው ጥቅል በካሽ ፎልደሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ እዚያ ሳታዩ አንድ ሜጋባይት አታውርዱ። ለወደፊቱ «ሄደርስ ጀነሪክ» የሚባለውን ጥቅል ብትጭኑ አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ሄደርሱ ተከትሎ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ድራይቨሩ አሁንም ካልተነሣ ሴኪዩር ቡት የተባለውን ተመልከቱ። ይህ ጥበቃ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር በር ላይ ይመልሳል። ወይ ፊርማውን ማስመዝገብ፣ ወይ ከባዮስ ገብቶ ማጥፋት ነው።

የእኛ አስተያየት ግን እንዲህ ነው፦ ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለንባብ ለሚያገለግል የክፍል ማሽን የኩባንያውን ድራይቨር ነቅሎ በኑቮ መኖር ይሻላል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአፕዴት ማግስት ክፍል ሙሉ ተማሪ ጥቁር ስክሪን ፊት አይቀመጥም።

ቨርቹዋል ማሽን፦ በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር

ከፍተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ሊኑክስ መጫንና ማበላሸት ይፈልጋሉ፤ ሳያበላሹ መማር የለምና። የጋራውን ማሽን ግን እንዲያበላሹ አንፈቅድም። ለዚህ ነው ቨርቹዋል ማሽን የሚያስፈልገው። በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው፤ ቨርቹዋልቦክስና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለው ኬቪኤም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። እንግዳው ማሽን እውነተኛውን ካርድ አያየውም። የሚያየው ፕሮግራሙ የፈጠረለትን የማስመሰያ ካርድ ነው። ስለዚህ በእንግዳው ውስጥ የኤንቪዲያ ድራይቨር ለመጫን መድከም፣ በሥዕል ላይ ላለ በር ቁልፍ መቅረጽ ነው። እንግዳው የሚፈልገው የማስመሰያውን ካርድ ድራይቨር ነው። በቨርቹዋልቦክስ ስክሪኑ ጠባብ ሆኖ አልሰፋ ካለ «ጌስት አዲሽንስ» ያልተጫነለት ነው። እንግዳው ከጨለመ ደግሞ ከማሽኑ ማስተካከያ «ማሳያ» ክፍል ገብታችሁ የ3ዲ ማፋጠኛውን አጥፉ፣ የግራፊክስ መቆጣጠሪያውን ለሊኑክስ ቪኤምኤስቪጂኤ አድርጉ፣ የቪዲዮ ሜሞሪውንም 128 ሜጋባይት አድርሱት። ባለቤቱ ማሽን ራሱ በኖሞድሴት ላይ ከሆነ 3ዲውን መሞከርም አያስፈልግም።

እንግዳው ጭራሽ አልነሣ ካለ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ኢንቴል ቪቲ ኤክስ፣ ኤኤምዲ ደግሞ ኤኤምዲ ቪ የሚሉት ነገር አለ፤ በብዙ ያገለገሉ ማሽኖች ተዘግቶ ይመጣል። ቨርቹዋልቦክስ ከ6.1 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ወዲህ፣ ያለዚህ አይሠራም። «የከርነል ድራይቨር አልተጫነም» ካለ ደግሞ ያው የቀደመው ታሪክ ነው፤ የቨርቹዋልቦክስም ድራይቨር ለከርነሉ የሚሰፋ ስለሆነ ሄደርስ ይፈልጋል፣ ሴኪዩር ቡትም ይከለክለዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በወጣው ከርነል 6.12 ሌላ ነገር ተጨመረ፤ ኬቪኤም ገና ሲነሣ ቪቲ ኤክስን ይይዘዋል፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ቨርቹዋልቦክስም «ሌላ ይዞታል» ብሎ ይቆም ነበር። የኬቪኤምን ሞጁል ማውረድ ይበቃል።

ሜሞሪን በተመለከተ 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን ለእንግዳው ከግማሽ በላይ አትስጡ። እንዲያውም ትእዛዝ ለመማር ሥዕል ምን ያደርጋል? ዴስክቶፕ የሌለው ዴቢያን በ1 ጊጋባይት ደህና ይሠራል፤ የግራፊክስ ጣጣም የለበትም።

ጄኔሬተሩ ሊጠፋ ሲል እንግዳውን «ሁኔታውን አስቀምጥ» ብላችሁ ዝጉ። ድንገት ከጠፋበት የእንግዳው ዲስክ ሊበላሽ ይችላል። ተማሪ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ስናፕሾት ይነሣ፤ ካበላሸ በደቂቃ ይመለሳል። ስናፕሾት ግን ቅጂ አይደለም፤ በዋናው የዲስክ ፋይል ላይ የተደገፈ ስለሆነ ያ ፋይል ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። በየሳምንቱም የማያስፈልገውን ሰርዙ፤ እየተደራረበ የባለቤቱን ዲስክ ይሞላል፣ ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ እንግዳው መሀል ላይ ይቆማል።

ያልነሣላችሁ ማሽን ካለ የካርዱን ስም፣ የከርነሉን ቁጥርና ስክሪኑ ላይ የታየውን የመጨረሻ መስመር ጽፋችሁ በክፍሉ በር ላይ ባለው ሳጥን አስገቡ። በሚቀጥለው እትም ፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል እንዴት እንደሚፈለግ እናያለን።