ትንሹ ፈረሰኛ የቆመበት መሬት

በጠረጴዛ ላይ ለጦር ጨዋታ የሚሰለፉት በእጅ የሚቀቡ ምስሎች ቁመታቸው ብዙ ጊዜ ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ነው። ከፕላስቲክ፣ ከሬዚን ወይም ከቆርቆሮ ቅይጥ ይሠራሉ፤ ብቻቸውን ስለማይቆሙም ከሥራቸው ክብ ወይም አራት ማዕዘን መቆሚያ ይለጠፍላቸዋል። ይህ ማብራሪያ ስለ መቆሚያው ነው። ቀቢው ስንት ቀን ፊቱና ልብሱ ላይ ሲጠበብ ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ለቅልቆት የሚገላገለው ክፍል እሱ ነውና።

ጨዋታው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች እንዴት እንደሚዋጉ የሚያስረዳ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ዛሬ ስሙ የገነነው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1975 ተቋቁሞ ዋርሃመር የተሰኘውን ጨዋታ በ1983 አወጣ። እኛ ዘንድ ጨዋታው ብዙም አይታወቅም። ሙያው ግን እንግዳ አይደለም፤ ማኬት የሚሠራ የአርክቴክቸር ተማሪ ሰጋቱራ ቀለም ነክሮ ሣር ሲያደርገው፣ ሽቦ ጠምዝዞ ዛፍ ሲያቆም ይህንኑ እየሠራ ነው።

መቆሚያ ሲያምር ጥሩ ነው፤ ዋናው ሥራው ግን ምስሉ የት አገር፣ በየትኛው ወር እንደቆመ መናገር ነው። ስለዚህ ከቀለምና ከኮላ በፊት አንድ እውነተኛ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ ከሚሴንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መርጫለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ በመስኮት የሚያየው አገር ነው፤ በአጭር ርቀት ውስጥ የማይመሳሰሉ መሬቶች ስላሉት ለዚህ ሥራ ይመቻል።

አስቀድሞ ልኬቱን እንያዝ። ሰው 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዓለሙ በግምት ስልሳ ጊዜ አንሷል ማለት ነው። መቆሚያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር በእውነተኛው መሬት ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ የአሸዋ ቅንጣት የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ደግሞ ሰው የሚደገፍባት ቋጥኝ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከደጅ ያነሳውን ጠጠር እንዳለ ይለጥፍና ተዋጊውን ገደል ውስጥ ይከተዋል።

ከከሚሴ ጥቁር አፈር፣ ከዋልካው እንጀምር። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከሩቅ ጥቁር ይምሰል እንጂ የደረቀው ገጽ ወደ ግራጫ ያደላል። ጥቁር የሚሆነው ሲርስ ነው። ይህን ለማምጣት መቆሚያውን መጀመሪያ ጥቁር ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያ የአናጢ ነጭ ኮላ ወፈር አድርጎ መቀባት ነው። ኮላው ሳይደርቅ፣ ጣት ላይ መያዝ ሲጀምር፣ በላዩ ግራጫ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም ይደረባል። ሁለቱ እኩል ስለማይደርቁ የላይኛው ቀለም ይተረተራል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁርም በስንጥቁ ብቅ ይላል። ኮላው በወፈረ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል። መሬት ላይ ሦስት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እዚህ ከአንድ ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ኮላውን መቆጠብ ነው። የተሰነጠቀ ዋልካ የክረምት ልብስ ከለበሰና ጭቃ ከነካው ምስል ጋር አይሄድም፤ አንዱን መተው ግድ ነው።

ዋልካ ላይ ማሽላ አለ። የቆላው ነባር ማሽላ የቆመ ሰው ይውጣል። ሦስት ሜትር የሆነ አገዳ በእኛ ልኬት አምስት ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የተዋጊውን ቁመት እጥፍ ሊጠጋ ይገባል። የውጭ ቀቢዎች እህል ሲሠሩ ስንዴ እያሰቡ ጉልበት ላይ ያስቀሩታል፤ ያ የእኛ ማሽላ አይደለም። አገዳው ከቀጭን ሽቦ፣ ቅጠሉ በቀጭኑ ከተቆረጠና ከተቆለመመ ወረቀት ይሆናል። ለማሽላው ራስ የሽቦው ጫፍ ኮላ ነክቶ በደቃቅ ሰጋቱራ ላይ ይንከባለላል። በጤፍ መሥራት የሚያምረው ይኖራል፤ ግን በዚህ ዓለም አንዲት የጤፍ ፍሬ የሕፃን ቡጢ ታህላለች። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ያለውን ወር የመረጠ ሥራው ይቀለዋል፤ ለጉቶው አጫጭር የሽቦ ቁራጮች በመስመር ማቆም ይበቃዋል።

የቦርከና ወንዝ ዳር ሌላ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር ነው፤ ከወንዙ የመጣ አሸዋ ካለ ከዚያ የተሻለ የለም። በወንፊት ሁለት መጠን አድርጎ መለየት፣ አጥቦ በብረት ምጣድ ማመስ ያሻል። ማመሱ እርጥበቱን ያጠፋል፤ ነፍሳትና ሻጋታም አብረው ይሄዳሉ። ጠጠሩ መጀመሪያ ይለጠፋል፤ ደቃቁ አሸዋ በኋላ ክፍተቱን ይሞላል። መቆሚያው ላይ እኩል የተበተነ ጠጠር ሰው እንደበተነው ይታወቃል፤ ወንዝ ግን ጠጠሩን በአንድ ወገን ይከምራል፣ አሸዋውን በሌላው ያሳርፋል።

ቀለሙ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሁሉም ጨለም ባለ ቡናማ ይሸፈናል። ሲደርቅ ውሃ የበዛበት ጥቁር ቀለም ይፈስበትና በየስርጓዱ ይተኛል። ከዚያ ብሩሹን ፈካ ያለ ቀለም አስነክቶ፣ ቀለሙን በጨርቅ ጠርጎ ጠርጎ ምንም የቀረበት ሳይመስል፣ በጠጠሩ አናት ላይ በስሱ ማመላለስ። ቀለሙ ከፍ ያለውን ብቻ ይይዛል፤ ያኔ ጠጠሩ ፀሐይ ያረፈበት ይመስላል። ለዚህ አሮጌ ብሩሽ ይሻላል፤ አዲሱን ይገድለዋል።

በዚሁ ዞን ያለው ጨፋ ረግረግ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በጋ ላይ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሜዳ ይሆናል። ሣሩን ለመሥራት ከቃጫ የተሻለ አላውቅም። ከገመድ ላይ ትንሽ ፈትቶ፣ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል እየቆረጡ፣ በወረንጦ በቁንጥር ይዞ ሥሩን ኮላ አስነክሮ መትከል ነው። እያንዳንዱ ቁንጥር ሥሩ አረንጓዴ፣ ጫፉ ቢጫ ቢሆን ጥቅምትን ያመጣል። ለውሃው ንጹህ ቨርኒሽ በስሱ፣ ደጋግሞ እያደረቁ መደረብ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መቆሚያው በፎም ከተሞላ በቲነር የሚቀጥን ቨርኒሽም ሱፐር ግሉም ፎሙን ይበላዋል፤ በውሃ የሚቀጥነውን መምረጥ ነው።

ወደ ባቲ ሲወርዱ ደግሞ ድንጋይና ግራር ይበዛል፣ አፈሩም ይገረጣል። ባቲ የሰኞ ገበያዋ በግመል የታወቀ ነው። ጦርነት የሰለቸው ቀቢ አንድ ግመልና ባለቤቱን በአንድ ሰፊ መቆሚያ ላይ ማቆም ይችላል፤ 60 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የግራሩ ግንድ የደረቀ የቁጥቋጦ ሥር ነው። አናቱ እንደ ጃንጥላ ጠፍጠፍ ይበል፤ ድብልብል ዛፍ ካደረጉት የአውሮፓ ሆነ።

ቦታ መምረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ የአድዋ ምስሎች ያሳያሉ። የአድዋን ተዋጊዎች በ28 ሚሊ ሜትር የሚያወጡ የውጭ ሠሪዎች አሉ። ከገዢዎቹ መካከል ኢትዮጵያን በረሃ ብቻ አድርጎ የሚያስብ አለና፣ ተዋጊውን ቢጫ የበረሃ አሸዋ ላይ ያቆመዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ጦር ያጠቁት ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ነበር፤ ዙሪያው ተራራና ቋጥኝ፣ ወሩም የበጋ። ለእነዚያ ፈረሰኞች የሚስማማው ግራጫ ቡናማ ድንጋያማ መሬት፣ በመሃሉም የደረቀ ሣር ነው። ፈረሰኛው ወሎዬ ነው ተብሎ የከሚሴ ዋልካ ላይ ማቆምም ልክ አይሆንም፤ ገና ከቤቱ ሲነሳ ካልሆነ በቀር።

መቆሚያውን ራሱን መግዛት ግድ አይደለም። የሃይላንድ ክዳን ስፋቱ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእግረኛ ልክ ይመጣል። የለስላሳ ቆርኪም ይሆናል፣ ጥርሱ ካልከበደ። ክዳኑ ስለሚቀል ውስጡ ሮንዴላ ይለጠፍና በጀሶ ይሞላል፤ አለዚያ ጦር የዘረጋ ምስል በአፍጢሙ ይደፋል። ጀሶው በደንብ ሲደርቅ ምስሉ ይለጠፋል። የጫማው ዙሪያም በትንሽ አሸዋ ይሸፈናል፤ ይህ ከተዘለለ ሰውየው መሬቱን ሳይነካ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጠርዙ በጥቁር ወይም በጥቁር ቡናማ አንድ ወጥ ተቀብቶ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዋርሃመር ጠርዙን ደማቅ አረንጓዴ ያደርገው ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚወዱት አሉ፣ እኔ ግን ለዋልካም ለቦርከናም አልመርጠውም።