ዘጌ ስትሄዱ ደኑንም ጎብኙት

ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር የሚሻገር ጎብኚ ልቡ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ላይ ከተሳሉት ሥዕሎች ዘንድ ነው። ከጀልባው ወርዶ እስኪደርስ ድረስ ያለው የጫካ መንገድ ለብዙው ሰው መሸጋገሪያ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ግን ደኑ ራሱ ከሥዕሎቹ የማይተናነስ ቅርስ ነው፤ እንደ እነሱ የሰው እጅ ያረፈበት ነውና። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው ጥላ ይጥላሉ፤ ከሥር ቡናውና ጌሾው ይበቅላሉ። ቡና ጥላ ስለሚወድ ትልልቆቹ ዛፎች የቆሙት ታስቦባቸው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ ሥርዓት ሠርተዋል። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ሰነድ ባንወስደው እንኳ ሥርዓቱ የሠራው ሥራ ዓይን የሚያየው ነው። ማረሻ ከሌለ የሚመነጠር የለም፤ ከብት ከሌለ ችግኝ የሚግጥ የለም። በሌላው የሰሜን ደጋ ደን የተረፈው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሲሆን፣ እዚህ ግን ከገዳም እስከ ገዳም፣ የገበሬውን ደጅ ጨምሮ ይያያዛል።

“ቡና የተተከለበት ጓሮ ምኑ ደን ነው?” የሚል አይጠፋም። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ቡናው ሲታረም የትልልቆቹ ዛፎች ቡቃያም አብሮ ስለሚነቀል፣ ያረጀው ሲወድቅ ተተኪ ሊታጣ ይችላል። ይህ ግን ደኑ ያለ ተንከባካቢ እንደማይዘልቅ ያሳያል እንጂ ቅርስነቱን አይነሳውም። ጠበቅ ያለው ክርክር የኑሮው ነው፦ እህል የማያበቅል ሰው ሲቸግረው ማገዶ ቆርጦ ባሕር ዳር ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል? እኔም አልፈርድበትም። ዩኔስኮ የጣና ሐይቅን አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መመዝገቡ መልካም ነው፤ የገበሬውን ጓዳ ግን ምዝገባ ብቻውን አይሞላም። ደኑ የሚቆየው የቆመው ዛፍ ከተቆረጠው የተሻለ ሲያበላ ነው፤ እዚህ ላይ ጎብኚውም ድርሻ አለው።

ስለዚህ ዘጌ የምትሄዱ ሰዎች፣ ጀልባውን ቶሎ ለመመለስ አታጣድፉት። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ያዙ፤ የዛፎቹን ስም ጠይቁት፤ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተተኪ ችግኝ መኖሩንም እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ስትመለሱ ደግሞ ቡናውን ከገበሬው እጅ ግዙ።