ፕሌይስቴሽኑ ሲሰረቅ አብሮት የሚሄደው አካውንት

ተፍኪ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ሰበታን አለፍ ብላ በምትገኘው ተፍኪም ሆነ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ባሉት በቡራዩና በሱሉልታ የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ መሣሪያ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። መጋረጃ በተጋረደባት ጠባብ ክፍል ቴሌቪዥን ተክለው በጨዋታ ቁጥር ሒሳብ የሚያስከፍሉ ቤቶች በየከተሞቹ ይታያሉ። በመንግሥት ሠራተኛው ቤትም ቢሆን ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ለልጆች ይዞት የገባ አንድ ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ማግኘት አዳጋች አይደለም።

መሣሪያው የተሰረቀ ዕለት የቤተሰቡ ሐዘን በአብዛኛው በዋጋው ላይ ያተኩራል። ለፖሊስ የሚሰጠው ቃልም ቀለሙን፣ ዓይነቱንና ግምቱን ከመግለጽ እምብዛም አያልፍም። በመሣሪያው ውስጥ ተከፍቶ የቀረው የኢንተርኔት አካውንት ግን በቃሉ ውስጥ ሳይመዘገብ፣ በባለቤቱም ሐሳብ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ጉዳዩን ለማብራራት የሚከተለውን ሁኔታ እንውሰድ። ነዋሪነቱ በተፍኪ፣ ሥራው በሰበታ የሆነ አንድ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ አለ እንበል። ልጁ የራሱ ኢሜል ስላልነበረው መሣሪያው የተከፈተው በአባትየው የጂሜል አድራሻ ነው። በዚሁ አድራሻ አባትየው የፌስቡክ አካውንቱን ከፍቷል፤ በዚያ የፌስቡክ አካውንት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ይፋዊ ገጽ ያስተዳድራል። የይለፍ ቃሉም በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ እንዳይረሳ ተብሎ። አንድ ሌሊት መስኮት ተሰብሮ መሣሪያው ተወሰደ። የጠፋው የልጅ መጫወቻ ብቻ ነውን?

በቅድሚያ ሌባው ማድረግ የማይችለውን መለየት ተገቢ ነው። በመሣሪያው ውስጥ የይለፍ ቃሉ በጽሑፍ ተቀምጦ አይነበብም። ይሁን እንጂ ፕሌይስቴሽን በተለመደው አጠቃቀሙ አካውንቱን ክፍት አድርጎ ስለሚቆይ ማንኛውም ሰው ኃይል አገናኝቶ ሲያስነሳው በባለቤቱ ስም ይገባል። መግቢያውን በአጭር የቁጥር ኮድ መቆለፍ የሚቻል ቢሆንም በገዛ ሳሎኑ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። በመሆኑም መሣሪያው የያዘ ሰው በሒሳብ ቋት ውስጥ በቀረው ገንዘብ ወይም ተመዝግቦ በተቀመጠ የባንክ ካርድ ሊገዛበት፣ ለባለቤቱ ጓደኞች በስሙ መልእክት ሊልክና ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ አገር ካርዱ ብዙውን ጊዜ የልጁ አባት ሳይሆን በውጭ የሚኖረው አጎት ነው፤ ጉዳቱም ወደዚያው ይሻገራል።

በኤክስቦክስ ረገድ ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። ኤክስቦክስ የሚሠራው በማይክሮሶፍት አካውንት ሲሆን፣ ይኸው አካውንት የአውትሉክ ኢሜልና የዋንድራይቭ የሰነድ ማስቀመጫም ቁልፍ ነው። መሣሪያው የድረ ገጽ ማሰሻ ስላለው ረቂቅ ደብዳቤዎቹን በዚያ አካውንት የሚያስቀምጥ ሠራተኛ የቢሮውን መዝገብ ከመጫወቻው ጋር አንድ ላይ አስሮታል ማለት ይቻላል። በፕሌይስቴሽን 4 ላይም ማሰሻ ስላለ፣ ልጁ አንድ ጊዜ ኢሜሉን በዚያ ከፍቶ ሳይዘጋ ከተወው ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ስርቆቱ እንደታወቀ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር አማካይነት መጀመሪያ የሚጠበቀው ኢሜሉ ነው። ብዙዎች ወደ ጨዋታው አካውንት ይሮጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሌሎቹ አካውንቶች ሁሉ የይለፍ ቃል «ረሳሁ» ሲባል የሚታደሰው በኢሜል በሚላክ መልእክት ነው። ኢሜሉን የያዘ ሰው የቀሩትን አንድ በአንድ ይወስዳቸዋል፤ ኢሜሉን ያስጠበቀ ባለቤት ደግሞ የቀሩትን ቢያጣቸው እንኳ መልሶ ያገኛቸዋል። ለኢሜሉ ከሌሎቹ የተለየ አዲስ የይለፍ ቃል ከተሰጠው በኋላ የመጠባበቂያ ስልክ ቁጥሩ የራስ መሆኑን፣ መልእክቶችን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝም አለመግባቱን መመልከት ያስፈልጋል። ሌላ ሰው የመጠባበቂያ ቁጥሩን ለውጦ ቢገኝ፣ ጎግል ቀድሞ የነበረውን ቁጥር ለ7 ቀናት ያህል ለመልሶ ማግኛነት ሊቀበል ስለሚችል በእነዚያ ቀናት መንቀሳቀስ ይገባል።

የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻውን በቂ የማይሆንበት ምክንያት በደንብ መታወቅ አለበት። በየመሥሪያ ቤቱ በር ያለውን አሠራር ማሰብ ለዚህ ይረዳል። እንግዳው መታወቂያውን ለጥበቃው አስይዞ ባጅ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ በየፎቁ ሲዘዋወር የሚታየው ባጁ እንጂ መታወቂያው አይደለም። አካውንትም ይህንኑ ይመስላል። የይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ በር ላይ ይታያል፤ መሣሪያው ግን ባጅ ተሰጥቶት ለሳምንታትና ለወራት ይዞት ይኖራል። በር ላይ የሚጠየቀው መታወቂያ ዛሬ ቢቀየር ትናንት የተሰጠ ባጅ ወዲያው ዋጋ ያጣል ማለት አይደለም። አንዳንድ ድርጅቶች የይለፍ ቃሉ ሲለወጥ የቆዩትን ባጆች በራሳቸው የሚሰርዙ ቢሆንም ሁሉም እንደዚያ አያደርጉም። ስለዚህ በአካውንቱ የደኅንነት ገጽ ላይ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ትእዛዝ ለይቶ መስጠት ያሻል። ሶኒ፣ ማይክሮሶፍት፣ ጎግልና ፌስቡክ ይህን መሰል አገልግሎት በድረ ገጻቸው አቅርበዋል፤ የማይክሮሶፍቱ ግን የኤክስቦክስ መሣሪያን አያካትትም፤ መሣሪያውን በእጅ መያዝ አያስፈልግም።

በፕሌይስቴሽን ላይ ከዚህ ሌላ አንድ ጉዳይ አለ። አካውንቱ አንዱን መሣሪያ ዋና አድርጎ ሲመዘግብ፣ በዚያ መሣሪያ ላይ ሌሎች ሰዎች የባለቤቱን ጨዋታዎች ያለእርሱ መግባት እንዲጫወቱ ይፈቅዳል። ይህን ምዝገባ ከሩቅ ሆኖ በድረ ገጽ መሰረዝ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚፈቀደው በ6 ወር አንድ ጊዜ ነው። በችኮላ ወይም ለሙከራ ማባከኑ አይመከርም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራትና ከእርሱ ጋር የሚሰጡትን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ገልብጦ ማስቀመጥ ከዚህ ይከተላል። ወረቀቱ ከመሣሪያው ካርቶን ጋር አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል።

በኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ችግር ከስርቆቱ በኋላ ይገለጣል። የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት አካውንት የሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለሆነም ተጠቃሚው የዩናይትድ ስቴትስን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን ወይም የሌላ አገርን ስም መርጦ ይመዘገባል፤ አድራሻውንም ከዚያው ጋር የሚስማማ ፈጥሮ ይሞላል። አካውንቱ ተወስዶበት ለድርጅቱ ሲያመለክት ግን የልደት ቀኑን፣ የተመዘገበበትን አገር፣ የግዥ ደረሰኝ ቁጥርና የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። ከብዙ ዓመት በፊት በዘፈቀደ የሞላውን ማን ያስታውሳል? የልደት ቀን ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ሌላው በአውሮፓውያን ይቀይረዋል፤ ሦስተኛው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተወዋል። ስምም እንዲሁ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። ለእያንዳንዱ አካውንት የትኛው እንደተሞላ በማስታወሻ ደብተር ላይ አንድ መስመር መጻፍ ትንሽ ሥራ ነው፤ በጭንቅ ጊዜ የባለቤትነት ማስረጃ የሚሆነው ግን ይኸው መስመር ነው።

ከድርጅቶቹ የሚላኩ የማስጠንቀቂያ መልእክቶችን ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። መልእክቱ አካውንቱ «በአዲስ አበባ ተከፍቷል» ቢል ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የኢንተርኔት አድራሻ የሚያመለክተው ግምታዊ ቦታን ስለሆነ፣ በተፍኪም ሆነ በሱሉልታ የተከፈተ አካውንት ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ተብሎ ይመዘገባል። ሰዓቱም የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 21፡00 የሚለው ከምሽቱ 3 ሰዓት መሆኑን ልብ ያላለ ሰው በእንቅልፍ ሰዓቱ የተደረገውን መግባት ከቀን ሥራው ጋር ሊያምታታው ይችላል። ቦታውን ከማመን ይልቅ የመሣሪያውን ዓይነትና ሰዓቱን አስተያይቶ መወሰን ይሻላል።

በዚያው ሌሊት ስልክ አብሮ ከተወሰደ ሥራው ይበዛል፤ ቅደም ተከተሉም ይለወጣል። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በስልክ ቁጥሩ ስለሆነ ከኢሜሉም በፊት ሲም ካርዱን ማዘጋት ያስፈልጋል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994፣ የቴሌብር ተጠቃሚ በ127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ በ951 ደውሎ ማሳወቅ ይችላል። ምትክ ሲም የሚሰጠው መታወቂያ ቀርቦ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስልክ ቁጥር ከመገናኛነት አልፎ የገንዘብ መያዣም ሆኗል፤ እስከ ጠዋት ልጠብቅ የሚያሰኝ ጉዳይ አይደለም።

ቴሌግራምን በተመለከተ አንድ ብዙም የማይታወቅ ደንብ አለ። አዲስ የገባ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሳያልፉ ቀድመው የገቡትን መሣሪያዎች ማስወጣት አይፈቀድለትም። ሌባው በአዲስ ስልክ ቢገባ ባለቤቱ በቢሮ ኮምፒዩተሩ ላይ ከቆየው ቴሌግራም ሆኖ ሊያስወጣው ይችላል፤ ሌባው ግን ባለቤቱን ወዲያው ማስወጣት አይችልም። በተቃራኒው ባለቤቱ የነበረው መሣሪያ የተሰረቀው ብቻ ከሆነ፣ በተዋሰው ስልክ ሲገባ እገዳው በራሱ ላይ ይውላል። የሥራ መልእክት በቴሌግራም ቡድን በሚተላለፍበት ጊዜ በሁለት መሣሪያዎች መግባትና ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማኖር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ኮሙኒኬሽን ባለሙያው እንመለስ። ኢሜሉና የፌስቡክ አካውንቱ ከተወሰዱ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ አብሮ ይሄዳል። በፌስቡክ አሠራር ሙሉ ሥልጣን ያለው አንድ አስተዳዳሪ ሌሎቹን ማስወጣት ይችላል፤ ገጹን የፈጠረውም ሰው ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ብቸኛ አስተዳዳሪ ባለበት ገጽ ላይ የስብሰባ ጥሪ፣ የቅጥር ማስታወቂያ ወይም የጸጥታ መግለጫ የሚመስል ነገር በመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ስር ቢወጣ ኃላፊው የሚያስተባብልበት ሌላ መንገድ አይኖረውም። ሁለተኛ አስተዳዳሪ ካለ ግን ስርቆቱ እንደተነገረው የባልደረባውን አካውንት ለጊዜው ከገጹ በማንሳት አደጋውን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጫል። ለአምስት ሰው አንድ የይለፍ ቃል ማከፋፈል ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ ያ ማን ምን እንደሠራ የማይለይበት፣ አንዱ ሲሰረቅ አምስቱም የሚሰረቁበት አሠራር ነው። ሠራተኛው ነገ መሥሪያ ቤቱን ቢለቅ ገጹ በማን እጅ እንደሚቀር መጠየቅም የኃላፊው ድርሻ ነው።

አንድን የይለፍ ቃል ለሁሉም የመጠቀም አደጋ መሣሪያው ከቤት ባይወጣ እንኳ የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 የሶኒ የጨዋታ አገልግሎት በመረጃ ጠላፊዎች ተደፍሮ የ77 ሚሊዮን አካውንቶች መረጃ ተጋልጧል፤ አገልግሎቱም ከሦስት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና ኢሜል ከተጋለጡት መካከል ነበሩ። በዚያ ወቅት በጨዋታውና በኢሜሉ አንድ ቁልፍ ይጠቀም የነበረ ሰው በማያውቀው አገር ባለ ኮምፒዩተር ጉዳት ምክንያት የራሱን በር ከፍቶ አድሯል።

ለፖሊስ የሚቀርበው አቤቱታ ሁለት ነገሮችን ቢይዝ መልካም ነው። አንደኛው ዕቃው ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን፣ በአንቀጽ 682 ደግሞ የተሰረቀ ዕቃ መቀበልን ይደነግጋል። ሁለተኛው አካውንቱ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። በመሥሪያ ቤት ገጽ ወይም ሥርዓት ላይ ጥቃት ከደረሰ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በ933 ማሳወቅ ይቻላል። የመግባት ማስጠንቀቂያ መልእክቶችን ከማጥፋት ይልቅ አትሞ ከአቤቱታው ጋር ማያያዝ ለመርማሪው ሰዓትና ቀን ይሰጠዋል።

የመሣሪያው መለያ ቁጥር በጀርባው ወይም በሥሩ፣ እንዲሁም በካርቶኑ ጎን ላይ ታትሞ ይገኛል። ካርቶኑን የጣለ ሰው ዛሬውኑ መሣሪያውን ገልብጦ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ቢያነሳና ለራሱ ኢሜል ቢልከው ይበቃዋል። ያገለገለ መሣሪያ ለመግዛት የቀረበ ሰውም ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት አስነስቶ ማየት ይኖርበታል፤ የሌላ ሰው ስምና ፎቶ ይዞ ከተነሳና ሻጩ የዚያን አካውንት የይለፍ ቃል ካላወቀው፣ ዕቃው ከማን ቤት እንደወጣ መጠየቁ ለገዢውም ከአንቀጽ 682 መራቂያ ነው።