ዳገቱ የሚያጋልጠው ፊልትሮ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት የአሮጌ መኪናን ጤና ይመረምራል። ሜዳ ላይ ደህና ስትሄድ የነበረች ቮልስ ዳገቱ መሀል ትንገጫገጫለች፣ ነዳጅ ሲሰጧትም ጉልበት ታጣለች። ጥቂት አርፋ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ባለቤቷ ካንዴላ ይፈታል፣ ካርቡራተር ያስከፍታል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው በትንሿ የቤንዚን ፊልትሮ ነው። በተደፈነ ፊልትሮ ሾልኮ የሚያልፈው ቤንዚን ለሜዳ ቢበቃም ለዳገት አይበቃም።

የቮልስ ሳልባትዮ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በወለሉ ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ኋላ ይደርሳል፤ ሞተሩ የሚያንቀሳቅሳት ፖምፓ ስባ ወደ ካርቡራተሩ ትገፋዋለች። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሆንም በከተማችን በአዲስ አበባ የምናያቸው በአብዛኛው ከዚያ እጅግ የቆዩ ናቸው። ያን ያህል የኖረ ሳልባትዮ ውስጡን ይዝጋል፤ የዝገቱ ብናኝም የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል።

ኤታኖልም ድርሻ አለው። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ መቀላቀል ጀመረ፤ በኋላም 10 በመቶ ደርሶ ነበር። ኤታኖል የተጋገረ ቆሻሻን ያላቅቃል፣ አሮጌ የጎማ ቱቦንም ይበላል። ስለዚህ ፊልትሮ ሲቀየር ቱቦውም አብሮ ቢቀየር ይመረጣል።

ሲገዙ ለካርቡራተር መኪና የተሠራውን ይጠይቁ። የኢንጀክሽን ፊልትሮ ለከፍተኛ ግፊት የተሠራና ወንፊቱ የደቀቀ ስለሆነ ለደካማዋ ፖምፓ ሸክም ነው። አፉም ከቱቦው ጋር ይመጣጠን፤ የቮልስ ቱቦ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግልጽ ፕላስቲክ ቆሻሻውን ያሳያል፤ ብረቱ ሙቀት ይችላል፤ መስታወቱ ግን ይሰበራል።

ትልቁ ስሕተት የቦታ ነው። ብዙዎች ለእጅ እንዲቀርብ ብለው በፖምፓውና በካርቡራተሩ መካከል፣ ከጋለው ሞተር በላይ ያንጠለጥሉታል። የሞተሩ ንዝረት ቱቦውን ያላላል፤ የሚንጠባጠበው ቤንዚን የእሳት ብልጭታ ባለበት ቦታ ይወድቃል። ሙቀቱም ቤንዚኑን ወደ ተን ይቀይራል። አዲሱ ገበያ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ቤንዚንም ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይተናል። ትክክለኛው ቦታ ከፖምፓው በፊት፣ ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ከመኪናዋ ሥር ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ከቀዘቀዘና ባትሪው ከተፈታ በኋላ ነው፤ ሲጋራ አጠገብ አይድረስ። ሳልባትዮው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቱቦው ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ይፈሳል፤ አስቀድመው ቱቦውን ቆንጥጠው ይያዙ። የፊልትሮው ቀስት ወደ ሞተሩ ይዙር። ሁለቱንም ጫፍ በቱቦ ማሰሪያ ያጥብቁ፤ ፕላስቲኩ እስኪሰነጠቅ ግን አይሁን። ባትሪውን መልሰው ያስሩ፤ ሞተሩን አስነስተው በደረቅ ጨርቅ መጋጠሚያዎቹን ይዳስሱ። ግልጹ ፊልትሮ ግማሹ ባዶ ቢመስል አይደንግጡ፤ መኪናዋ ጉልበቷን ካልቀነሰች ችግር የለውም።

ፊልትሮ ርካሽ ዕቃ ነው፤ በዓመት አንዴ ይቀይሩት። የእርስዎ ከሞተሩ በላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ግን ዓመቱን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ከዚያ ያስነሱት።