ከሩዝ ማሳ ወደ ኳታር ግንባታ የሄዱት ገበሬዎች ሞት

የ2022ቱ የዓለም እግር ኳስ ዋንጫ ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን በኳታር መካሄዱ ይታወሳል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ ወሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ ወደ እኛ ተመልሷል።) ውጤቱን የስፖርት ዓምድ በጊዜው አትቶታል። በገጠር ልማት ዓምድ ጉዳዩን ማንሣት ያስፈለገው ግን ስታዲየሞቹን፣ የከተማውን ባቡርና መንገዶቹን ከገነቡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከኔፓል፣ ከህንድ፣ ከባንግላዴሽና ከፓኪስታን ገጠሮች የሄዱ የገበሬ ልጆች ስለሆኑ ነው።

የኔፓልን ብቻ እንመልከት። ከህንድ ጋር በሚያዋስነው ቴራይ በሚባለው ሜዳማ ምድር ዳኑሻ፣ ማሆታሪና ሲራሃ የሚባሉ ሩዝ አብቃይ አውራጃዎች አሉ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ አነስተኛ ነው፤ ዝናብ ሲያንስ ወይም ጎርፍ ሲበዛ ምርቱ ዓመቱን አያዘልቅም። በመሆኑም ወጣቱ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ይነሣል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ የኸሊፋን ስታዲየም ሲያድሱ ያነጋገራቸው ሠራተኞች ለደላላ ከ500 እስከ 4,300 የአሜሪካ ዶላር መክፈላቸውን ገልጿል። ይህን ያህል ገንዘብ ገበሬ ቤት የለም። ስለዚህ ከአራጣ አበዳሪ ይወሰዳል፤ ወለዱም በዓመት እስከ 36 በመቶ ይደርሳል። ሰውየው ኳታር ከገባ በኋላ ደግሞ እስከ 2020 ድረስ በነበረው ሕግ ያስመጣው አሠሪ ሳይፈቅድለት ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር አይችልም ነበር። ዕዳ ያለበትና መሄጃ የሌለው ሰው ፀሐይ በረታብኝ ብሎ ሥራ እንደማያቆም ግልጽ ነው።

ለመሆኑ ስንት ሰው ሞተ? እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ በ2021 እንደዘገበው፣ ኳታር ውድድሩን እንድታዘጋጅ ከተመረጠችበት ከ2010 ወዲህ ከህንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከኔፓል፣ ከባንግላዴሽና ከስሪላንካ የሄዱ ከ6,500 በላይ ሠራተኞች በዚያች አገር ሞተዋል፤ ከእነዚህም 1,641ዱ ኔፓላውያን ናቸው። ይህ ቁጥር በማናቸውም ሥራና በማናቸውም ምክንያት የሞተውን ሁሉ የሚያጠቃልል እንጂ የስታዲየም ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አዘጋጅ ኮሚቴው በበኩሉ በስታዲየሞቹ ሥራ ላይ ከነበሩት 40 ያህል ሰዎች መሞታቸውን፣ ከሥራው ጋር የተያያዘው የሦስቱ ሞት ብቻ መሆኑን ገልጿል። የኮሚቴው ዋና ጸሐፊ ሐሰን አል ጠዋዲ በ2022 ስለ ሟቾች ተጠይቀው «ከ400 እስከ 500» ሲሉ፣ ኮሚቴው ወዲያው ይህ በአገሪቱ በሙሉ በሥራ ላይ የደረሰውን ሞት የሚመለከት ነው የሚል ማብራሪያ ሰጥቷል።

ሦስትና 6,500 ምን ያገናኛቸዋል? ቁጥሮቹ የተራራቁት አንደኛው ወገን ስለዋሸ ብቻ አይደለም። የልዩነቱ አንድ ትልቅ ምንጭ በሞት ምስክር ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። ይኸው ጋዜጣ እንደመረመረው ከህንድ፣ ከኔፓልና ከባንግላዴሽ ሟቾች 69 በመቶ ያህሉ «በተፈጥሮ ሞት» የሞቱ ተብለው ተመዝግበዋል። አምነስቲም በ2021 ካያቸው 18 የሞት ምስክር ወረቀቶች 15ቱ የሞቱን መነሻ አይናገሩም፤ ልቡ ደከመ፣ ትንፋሹ ቆመ ብለው ያልፋሉ። ማንም ሰው ሲሞት ልቡ ይቆማል፤ ጥያቄው ያቆመው ምንድን ነው የሚለው ነው። የኳታር መንግሥት ራሱ ያስጠናው የሕግ ባለሙያዎች ሪፖርት በ2014 ያልታሰበ ድንገተኛ ሞት ሲደርስ አስከሬን እንዲመረመር ሕጉ እንዲሻሻል፣ የልብ መቆም ሞቶችም እንዲጠኑ መክሮ ነበር።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ። የእኛ ገበሬ ቀትር ላይ በሬውን ከቀንበር ይፈታል። በሬው እንደሚያለከልክና ከዚያ በላይ ቢነዱት እንደሚወድቅ ያውቃልና። የሰው ሰውነት ራሱን የሚያበርደው በላብ ነው፤ ላቡ የሚያበርደው ግን ሲተን ነው። የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ የጎበኘ አንባቢ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ያስታውሳል፤ አንዱ ደረቅ ነው፣ የሌላው ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሏል። አየሩ እርጥበት ካዘለ የሁለቱ ንባብ ይቀራረባል፤ ላብም አይተንም። ዶሃ ከባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች በበጋዋ ሙቀቱም እርጥበቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ልብ ደምን ወደ ቆዳም ወደሚሠራው ጡንቻም ለማድረስ ከአቅሙ በላይ ይደክማል። ካርዲዮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ2009 እስከ 2017 በኳታር በልብ ሕመም ሞቱ ከተባሉት 571 ኔፓላውያን መካከል በቂ የሙቀት መከላከያ ቢኖር ኖሮ እስከ 200 የሚደርሱት ሊድኑ ይችሉ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት የጤና ምርመራ ያለፉ ናቸው።

ከ2007 ጀምሮ ኳታር ከሰኔ 8 እስከ ነሐሴ 25 ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ከቤት ውጭ ሥራ ከልክላለች። ነገር ግን ሙቀት በቀን መቁጠሪያ አይሄድም። በ2021 የወጣው ደንብ ወራቱን ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5፣ ሰዓቱን ከ4 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ከማስረዘሙም በላይ፣ ሙቀትን፣ እርጥበትንና የፀሐይን ግለት አጣምሮ የሚለካው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ሲያልፍ በማናቸውም ሰዓት ሥራ እንዲቆም አዟል። ይህ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ሆኖም የመጣው ውድድሩ ሊጀመር አንድ ዓመት ተኩል ሲቀረው፣ አብዛኛው ግንባታ ካለቀ በኋላ ነው። ለተጫዋቾቹ ሲባል ግን ውድድሩን ከበጋ ወደ ቀዝቃዛው ወቅት የማዛወሩ ውሳኔ በ2015 ተላልፎ ነበር።

በሠራተኛው አገር ምን ይቀራል? ሰኔ በኔፓልም የዘር ወር ነው። ችግኙን የሚተክሉት ሴቶች ሲሆኑ ሞፈር መጨበጥ ግን በልማድ የወንድ ሥራ ነው፤ ወንዱ ከጠፋ ሴቲቱ አራሽ ትቀጥራለች፣ ካልቻለችም መሬቱ ጦሙን ያድራል። ወረቀቱ «የተፈጥሮ ሞት» ካለ አሠሪው የሥራ ላይ ሞት ካሣ አይከፍልም። የኔፓል መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ለሄደ ሰው ቤተሰብ ከፈንድ የሚሰጠው ድጋፍ አለ። ይሁን እንጂ አራጣ አበዳሪው የሞት ምክንያት አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ፊፋ በታኅሣሥ 2 ቀን 2024 የ2034ቱን ዋንጫ ለሳዑዲ ዓረቢያ ሰጥቷል፤ ከ15ቱ ስታዲየሞች 11ዱ በአዲስ መልክ የሚሠሩ ናቸው። ገና በመጋቢት 2025 በአል ኾባር በሚሠራው ስታዲየም አንድ ፓኪስታናዊ ሠራተኛ ከከፍታ ወድቆ ሞቷል። ወደዚያች አገር ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ በጂቡቲና በየመን በኩል ያለ ፈቃድ የሚጓዙት የገበሬ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ያለ ውልና ያለ ፈቃድ የሄደ ሰው ቢሞት ቤተሰቡ «የተፈጥሮ ሞት» የሚለውን ወረቀት እንኳ ለማግኘት ይቸገራል። የቀበሌ የልማት ሠራተኞች ስለ ምርጥ ዘር ሲያስተምሩ ይህንንም ቢያክሉበት ሥራቸው ነው እንላለን፤ ሕጋዊ ሆኖ የሚሄድ ሰው የውሉን፣ የጤና ምርመራውንና የአሠሪውን አድራሻ ቅጂ ለሚስቱ ወይም ለወላጆቹ ትቶ ይሂድ፤ ሞት ቢደርስም ቤተሰቡ ከመቀበሩ በፊት የአስከሬን ምርመራ እንዲደረግ በኤምባሲው በኩል ይጠይቅ። በሳዑዲ ዓረቢያ ከቤት ውጭ በፀሐይ መሥራትን የሚከለክለው ደንብ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ይሸፍናል።