ከጀማሪነት የሚያሻግር መጽሐፍ

የፓይተንን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከኮርስ ወይም ከቪዲዮ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ቫሪያብል፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ ሊስትና ዲክሽነሪ ያውቃል፤ የተሰጠውን ልምምድም ይሠራል። ልምድ ያለው ሰው የጻፈውን ኮድ ሲከፍት ግን መስመሩን ማንበብ ቢችልም ለምን በዚያ መንገድ እንደተጻፈ አይገባውም። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ሌላ የጀማሪ ኮርስ ይጀምራል፤ ኮርሱም እንደገና ከቫሪያብል ይነሳል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት፣ ለመካከለኛ ደረጃ የተጻፈ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ይዞ እስከ መጨረሻው መዝለቅን የሚያህል መንገድ አላውቅም።

ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ። ስም ተቀብሎ ሊስት ውስጥ የሚጨምር ፈንክሽን ጻፉ እንበል። ሊስት ካልተሰጠው ከባዶ እንዲጀምር ብለው፣ በፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር ላይ ባዶ ሊስት እንደ መነሻ ዋጋ አስቀመጡለት። «አልማዝ» ብለው ሲጠሩት አልማዝ ብቻ ያለችበትን ሊስት ይመልሳል። ቀጥለው «ከበደ» ብለው ሲጠሩት ግን አልማዝም ከበደም አብረው ይመጣሉ። ኤረር አይወጣም፤ ፕሮግራሙም አይቆምም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፓይተን ያን ባዶ ሊስት የሚሠራው ፈንክሽኑ ሲፈጠር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሊስት ሳይሰጠው የሚጠራ ሁሉ ያንኑ አንድ ሊስት ይጋራል።

ይህን የማያውቅ ሰው ጎግል ላይ ምን ብሎ ይፈልጋል? የኢንተርኔት ፍለጋም ሆነ ቻትጂፒቲ የሚመልሱት የተጠየቁትን ነው፤ መኖሩን ያላወቁትን ነገር ደግሞ መጠየቅ አይቻልም። ጥሩ ደራሲ ግን በቋንቋው ዓመታት ስለሠራ፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ያውቃል፤ ጥያቄውንም መልሱንም አብሮ ያመጣለታል። የመጽሐፍ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

የትኛውን መጽሐፍ? ለፓይተን ሦስት እጠቁማለሁ። የመጀመሪያው አል ስዋይጋርት እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው «ቢዮንድ ዘ ቤዚክ ስታፍ ዊዝ ፓይተን» ነው። ደራሲው ራሱ ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንዲነበብ ስለፈቀደው ከዚህ መጀመር ወጪ የለውም። ሁለተኛው የብሬት ስላትኪን «ኢፌክቲቭ ፓይተን» ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምክር በጥቂት ገጾች የሚያልቅ በመሆኑ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ይመቻል። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ብራዚላዊው ሉሲያኖ ራማልዮ እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቶ በ2022 ያደሰው «ፍሉዌንት ፓይተን» ነው። አንድ ሺህ ገጽ ገደማ ነው፤ መጠኑ አያስፈራዎ። ጃቫ የሚማሩ የጆሹዋ ብሎክን «ኢፌክቲቭ ጃቫ»፣ ጃቫስክሪፕት የሚማሩ ደግሞ በነፃ የሚነበበውን የማራይን ሃቨርቤከን «ኢሎክዌንት ጃቫስክሪፕት» ይመልከቱ።

የራማልዮ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለምን እንደምወደው ልንገርዎ። ጀማሪ ክላስን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ በውሻና በድመት ምሳሌ ነው፤ ውሻው ይጮኻል፣ ድመቷ ትጮኻለች፣ ተማሪው ግን ክላስ ምን እንደሚጠቅመው ሳያውቅ ይቀራል። ራማልዮ 52 መጫወቻ ካርታዎችን የሚይዝ ክላስ ይሠራና ሁለት ልዩ ሜተዶችን ይጨምርበታል። አንዱ ስንት ካርታ እንዳለ ይናገራል፤ ሌላው በተጠየቀው ቦታ ያለውን ካርታ ያወጣል። በእነዚህ ሁለቱ ብቻ ካርታዎቹን በሉፕ አንድ በአንድ ማየት፣ ከመሃል የተወሰኑትን መውሰድ፣ አንዱን በዕጣ ማውጣት ይቻላል። ለእነዚህ ሥራዎች ማንም ለብቻ ኮድ አልጻፈም። ክላሱ ፓይተን የሚያውቀውን ቋንቋ ስለተናገረ ፓይተን እንደ ራሱ ሊስት ያስተናግደዋል። ይህን ምዕራፍ የተረዳ ሰው ከዚያ በኋላ የሰው ኮድ የሚያነብበት ዓይን ሌላ ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ተጋድሞ ማንበብ ግን ምንም አያተርፍም። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ይቀመጥ። የምሳሌውን ውጤት በወረቀት ይሸፍኑና ምን እንደሚመጣ በራስዎ ይገምቱ፤ ከዚያ ኮዱን ኮፒ ሳያደርጉ በእጅዎ ጽፈው ያስኪዱት። ግምትዎ ከተሳሳተ፣ ያ ገጽ ለእርስዎ ነው የተጻፈው፤ ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉት። እንግሊዝኛው ከከበደዎ ኮዱን አስቀድመው ያንብቡ፤ ማብራሪያው ከኮዱ በኋላ ሲነበብ በጣም ይቀላል። ምዕራፉ ሲያልቅም ቀደም ሲል የጻፉትን አንድ ፕሮግራም ከፍተው በአዲሱ እውቀት ያሻሽሉት።

ምሳሌውን ወደ ራስዎ ጉዳይ መውሰድ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። «ፍሉዌንት ፓይተን» ስለ ጽሑፍና ባይት አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ይህን ምዕራፍ ከማንም በላይ ሊጠቀምበት ይችላል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ፓይተንን ቢጠይቁት 3 ይላል፤ በዩቲኤፍ-8 ወደ ባይት ከቀየሩት በኋላ ቢጠይቁት 9 ይላል፤ በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ይይዛልና። ቀጥለው «ፀሐይ»ን ከ«ጸሀይ» ጋር ያስተያዩ። ፓይተን አንድ አይደሉም ይላል። መጽሐፉ ለፈረንሳይኛ ምልክት ያላቸው ፊደላት የሚያሳየው የዩኒኮድ ማስተካከያ የእኛን ሞክሼ ሆሄያት አይነካቸውም፤ ስለዚህ የአማርኛ ስም ዝርዝር ውስጥ የሚፈልግ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንደ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና እንደ ጸ፣ ፀ ያሉትን አንድ የሚያደርግ ፈንክሽን በራሱ መጻፍ አለበት። ይህን ፈንክሽን መጻፍ ከማንኛውም የመጽሐፍ ልምምድ የበለጠ ያስተምራል።

አንድ ልጨምር። «፩» አሃዝ መሆኑን «ኢዝዲጂት» በሚለው ሜተድ ቢጠይቁ መልሱ አዎ ነው። ወደ ኢንቲጀር ልቀይረው ሲሉ ግን ኤረር ይመጣል። ዩኒኮድ የግዕዝን ቁጥሮች ከአስርዮሽ አሃዞች ስለማይመድባቸው ነው። የግዕዝ አቆጣጠር ዜሮ የለውም፤ አስር፣ ሃያና መቶም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ፓይተን ወደ ኢንቲጀር የሚቀይረው ደግሞ አስርዮሽ አሃዞችን ብቻ ነው።

መጽሐፍ ሲመርጡ የታተመበትን ዓመት ይዩ። ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ቢሆንም የፓይተን 2 ድጋፍ የተቋረጠው ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው፤ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ከሚዘዋወሩት ፒዲኤፎች መካከል በአሮጌው የተጻፉ አሉ። «ፕሪንት» ያለ ቅንፍ ተጽፎ ካዩ መጽሐፉን ይተዉት። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ የፓይተን ኦፊሴላዊ ሰነድ በሙሉ አንዴ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊነበብ ይችላል።

መጽሐፉ ሲያልቅ ሌላ መጽሐፍ ለመግዛት አይቸኩሉ። ከፓይተን ጋር አብረው የሚጫኑት ብዙዎቹ ሞጁሎች በፓይተን ራሱ የተጻፉ ስለሆኑ ፋይላቸው ኮምፒውተርዎ ላይ አለ። «ራንደም» የሚባለውን ይክፈቱና ዕጣ የሚያወጣውን «ቾይስ» የተባለ ሜተድ ይፈልጉ። ሥራውን የሚሠራው መስመር ከተሰጠው ነገር ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ርዝመቱንና በአንድ ቦታ ላይ ያለውን አባል። የራማልዮ ካርታዎች ያለ ተጨማሪ ኮድ በዕጣ የወጡት በዚህ ምክንያት ነበር፤ አሁን ምክንያቱን ከምንጩ ማንበብ ይችላሉ።